ባትሪውን አደራ

ወልድያ፣ መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለፋና፣ ለላሊበላዋ ባለ ሞተር፤

እንዴት ከርመሻል? እማማ አመተ ሥላሴስ? ዓይናቸው ተሻላቸው ወይስ አሁንም ድመቷን ግልገል እያሉ ይጠሯታል? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ዘንድሮ የእናንተ ሁዳዴና የእኛ ረመዳን በአንድ ቀን ስለገቡ ወልድያ ላይ ፊቱ ፈታ ያለ ሰው አይገኝም። ሱቄም ጾም ላይ ነው፤ ሞተር እንዳይንቀሳቀስ ከተባለ ወዲህ የሞተር ዕቃ ማን ይገዛል? ዝንብ ሳባርር እውላለሁ።

ደብዳቤሽን ጣሃ ከሚኒባሱ ሳይወርድ በመስኮት ወረወረልኝ። እናንተ ጋ ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ ሾፌር ሁሉ ፖስታ ቤት ሆኗል። "ባሌ ሲሰደድ ከእናቱ ቀጥሎ አደራ ያለኝ ባትሪውን ነው፤ እኔን ለማንም አደራ አላለም" ያልሽው ብቻዬን አሳቀኝ። እውነትሽን ነው። በረሃ ከመግባቱ በፊት እኔ ጋ ሲያድርም ወሬው ሁሉ ሞተሩ ነበር። "መሐመድኑር፣ ሰው ማመላለስ ቢከለከል ነው እንጂ የምሄደው ሞተሩን ጠልቼው አይደለም። ሳዑዲ ትንሽ ሠርቼ እመለሳለሁ። ስመጣ በመጀመሪያው ቁልፍ መነሣት አለበት" አለኝ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ጎረቤትሽ ሊያውስሽ ያሰበው ቻርጀር የአይሱዙ ነው። በእሱ የሞተር ባትሪ መሙላት ሕፃን ልጅ በባልዲ ወተት እንደ ማጠጣት ነው፤ አፍልቶ ይገድልብሻል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ብለሽ እንዳትነኪው። የሞተር ባትሪ ትንሽ ናት፤ ቀስ እያለች ነው የምትጎርሰው። የሚያስፈልግሽ ባለ አሥራ ሁለት ቮልት፣ ከአንድ አምፔር የማይበልጥ፣ ባትሪው ሲጠግብ በራሱ የሚቀንስ ቻርጀር ነው። እየሞላ ሳለ ቀይ ያበራል፤ ሞልቶ ሲያበቃ አረንጓዴ ይሆናል። ከመሙላትሽ በፊት የባትሪውን ስድስት ክዳኖች ከፍተሽ ውሃው ጎድሎ እንደሆነ እዪ። ከዚያ መጀመሪያ ቀዩን መቆንጠጫ ፕላሱ ላይ፣ ቀጥሎ ጥቁሩን ማይነሱ ላይ፤ ግድግዳው ላይ የምትሰኪው መጨረሻ ነው። ስትነቅይ ከግድግዳው ጀምሪ፣ ከዚያ ጥቁሩ፣ ከዚያ ቀዩ።

አንድ መርጬ በጣሃ ልኬልሻለሁ። በነፃ እንዳይመስልሽ፤ ለባልሽ ለየሻው ለራሱ እንኳ አንድ ፊውዝ በነፃ ሰጥቼው አላውቅም። ደግሞ እናንተ ላስቶች መላእክት ወርደው ካላገዟችሁ አንድ ብሎን እንደማታዞሩ ስለማውቅ፣ የጻፍኩትን ደግመሽ አንብቢው።

የእኔ ስልክ ይሠራል። የሻው እንደደወለ እጽፍልሻለሁ። ኢንሻአላህ ሲመጣ ሒሳቡን ከእሱ ላይ በወለድ እቀበላለሁ።

መሐመድኑር


ላሊበላ፣ መጋቢት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወልድያው ቋጣሪ ለመሐመድኑር፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ። ቻርጀሩ ደርሶኛል። ሒሳቡ ጣሃ እጅ ነው፤ ቆጥረህ ተቀበለው፤ ባልልህም እንደምትቆጥረው አውቃለሁ። መላእክቱ ባያግዙን ኖሮ አንተን የመሰለ ጓደኛ ይዘን እስካሁን በረሃብ አልቀን ነበር።

ሞተሩ ከመኝታችን አጠገብ የየሻውን ጋቢ ለብሶ ቆሟል። ውጭ ባቆመው "ለምን ቆመ፣ ማን ሊነዳው ነው" የሚል ስለማይጠፋ ወደ ቤት አስገባሁት። ለማስነሣትም ፈራሁ፤ ድምፁ ሰፈር ያነቃል። እንዲሁ በቆመበት ግን ባትሪው ሲደክም ሲደክም ቁልፉን ሳዞረው "ጢቅ" ብሎ ዝም የሚል ሆነ። ይኼው ነው ያስጻፈኝ።

አሁን የምነግርህን ሰምተህ አትሳቅ። አንተ እንዳልከው ስድስቱን ክዳኖች ከፍቼ ባይ ውሃው ጎድሏል። የባትሪ ውሃ ፍለጋ ከተማ ወጣሁ፤ አጣሁ። ተመልሼ ባይ ስድስቱም እስከ አፋቸው ሞልተዋል።

"ማን ነው የሞላው?" ብል እማማ፣

"እኔ ነኝ ልጄ። የነአኩቶ ለአብ ጠበል ነው። ለሰው የሆነ ለብረት ያንሰዋል?" አሉ።

ዓይናቸው ስለማያይ ቀዳዳውን በጣታቸው እየዳበሱ ነው የጨመሩት። ጣታቸውን አሲዱ ልጦታል። "ያቃጥላል እማማ፣ ይታጠቡ" ብላቸው፣ "ተይው፤ ማቃጠሉ መሥራቱ ነው። ሰይጣን ያለበትን ነው ጠበል የሚያቃጥለው" ብለው ተቆጡኝ። እኔ ስቄም አልቅሼም አልወጣልኝ።

ምን ላድርግ? ልድፋው? አደራውን ገና ሁለት ወር ሳይሞላ አበላሸሁት ማለት ነው? ሲደውልልህ ስለ ጠበሉ እንዳትነግረው። ስለ እኔ የጠየቀውን ጻፍልኝ፤ ስለ ባትሪው የጠየቀውን ግን ለራስህ አስቀረው።

ፋና


ወልድያ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለባለ ጠበሏ ለፋና፤

ዒድን በሰላም አለፍነው፤ እናንተንም ለፋሲካ ያድርሳችሁ። ደብዳቤሽን ሳነብ ስስቅ ከጎኔ ጨርቅ የምትሸጠው ሀፊዛ "ሰውዬው ለየለት" ብላ እየሮጠች መጣች። አነበብኩላት። አሁን ሁለታችንም ለይቶልናል።

መጀመሪያ የእማማን ጣት በብዙ ውሃና በሳሙና እጠቢላቸው። ለሳቸው ደግሞ እንዲህ በያቸው፤ ጠበሉ በረከት ነው፣ እኔም አልደፍረውም። ባትሪ ግን ሃይማኖት የለውም። ከድንጋይ ውስጥ የወጣ ውሃ ሁሉ ጨው ይዞ ይመጣል፤ ጨው ደግሞ የውስጡን ሰሌዳ ይበላዋል። እንዳትደፊው፤ ብትደፊው አሲዱም አብሮ ይሄዳል። የተትረፈረፈውን በጨርቅ ጥረጊና ክዳኖቹን ላላ አድርገሽ ሙዪው። ከምድጃው አርቀሽ፣ በረንዳ ላይ፣ ከዝናብ ከልለሽ ይሁን፤ ሲሞላ የሚወጣው አየር እሳት ካገኘ ይፈነዳል። ሻማም አታስጠጊ፤ እማማ ሻማ ሊያበሩለት እንደሚነሡ አልጠራጠርም። መብራት ከጠፋ ቶሎ ከግድግዳው ንቀዪው፤ ሲመለስ በኃይል ነው የሚመለሰው። አረንጓዴው ከበራ ተርፋለች፤ በአንድ ቀን ካልበራ ሌላ ባትሪ መግዛት ነው።

አሁን ዋናው ወሬ። ደወለ! ባሕሩ ዳር ደርሰዋል። በሰው ስልክ ስለነበር አልቆየንም። ድምፁ ሰልሏል እንጂ ደህና ነው። የኮኑ ልጅ ኢያቄምም አብሮት አለ፤ ጀልባ ነው የሚጠብቁት። እና ፋና፣ እንዳትቀየሚኝ፣ ከእናቱም ካንቺም በፊት "ባትሪዋስ?" አለኝ። አትንገረው ብለሽኝ ነበር፤ አልቻልኩም፤ የጠበሉን ነገር ነገርኩት። መስመሩ እስኪቋረጥ ሳቀ። ስለ አንቺ ሊጠይቅ ሲል ይመስለኛል የተቋረጠው፤ ካልመሰለሽም እንዲህ ብለሽ ያዢው።

የባትሪ ውሃ በጠርሙስ ልኬያለሁ፤ ሒሳቡን ለጣሃ። መላእክቱ ጠርሙስ መክፈት ካቃታቸው ጥርስሽን ተጠቀሚ።

መሐመድኑር


ላሊበላ፣ ግንቦት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመሐመድኑር፤

እንኳን ለበዓሉ በሰላም አደረሰህ ልልህ ነበር፤ ደብዳቤዬ እስኪደርስ ሌላ በዓል ይደርሳል። ፋሲካን እኔና እማማ ሁለታችን ፈታነው። ስጋ ሳይኖር "ስጋው ጠንክሯል" እያልን ስንቀልድ ዋልን።

አረንጓዴው በራ። በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ቀዩን ስጠብቀው ዋልኩ፣ ማምሻውን ተለወጠ። እንደ ልጅ ጮህኩ። እማማ "ምን ሆንሽ?" ብለው ወጡ። "አረንጓዴ ሆነ፤ ባትሪው ዳነ" አልኳቸው። እሳቸው ግን የሰሙት ሌላ ነው። ተንበርክከው፣ "ልጄ ባሕሩን ተሻገረ" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ የቤታችን ሥርዓት ሆኗል። ማታ ማታ እንድሰካው ያስገድዱኛል። ለሳቸው ቀይና አረንጓዴ አይለይላቸውም፤ ስለዚህ ይጠይቁኛል፤ "በርቷል ወይ ልጄ? አረንጓዴ ነው?" አረንጓዴ ነው ካልኳቸው ተኝተው ያድራሉ። መብራት የጠፋ ማታ ግን እንቅልፍ የለም፤ ልጃቸው ባሕር ላይ ነው።

"እማማ፣ ይህ ቻርጀር ነው፤ ስለ የሻው ምን ያውቃል?" እላቸዋለሁ። ለአንተ ግን ልንገርህ፤ እኔም ከሳቸው ቀድሜ ነው የማየው።

ይኼ ሁሉ ሆኖ አሁን ተቃጠለ። አንተ እንዳልከው መብራቱ ጠፍቶ ነበር፤ ውሃ ልቀዳ ወርጄ ስለነበር ሳልነቅለው በኃይል ተመለሰ። ስመለስ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። እማማ አጠገቡ ተቀምጠው እያለቀሱ ነው። ምንም የሚበራ ነገር የለም። ባትሪው ደህና ይመስላል፤ ቻርጀሩ ግን ቀልጧል።

እባክህ ሌላ ፈልግልኝ። ርካሽ አትላክ፤ ርካሽ የምትልክ መሆንህን አውቃለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጨምሬ ልተውህ። የሚያዝያው ስልክ ከተደወለ ቆየ። የሚሻገሩት በአንድ ሌሊት ነው ብለውኛል። ለምን አልደወለም?

ፋና


ወልድያ፣ ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለፋና፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ ለእማማም። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር የግንቦቱ ደብዳቤሽ ከጣሃ ጋር ጋሸና ከርሞ በቅርቡ ደረሰኝ። ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ሌላ ቻርጀር ልኬልሻለሁ። ይህኛው ይሻላል። መብራት ሲያንስም ሲበዛም ራሱን ያጠፋል፤ ሲስተካከል በራሱ ይነሣል። ከእሱ ጋር የባትሪ ውሃ፣ የጎማ ጓንት፣ ለእማማ ጣት ደግሞ ቅባት አለ። ሒሳብ አትላኪ። ለጣሃም ነግሬዋለሁ፤ ብትሰጪውም አይቀበልሽም።

አጠቃቀሙ ያው ነው፤ ቀዩ፣ ጥቁሩ፣ ከዚያ ግድግዳው። መቆንጠጫዎቹ እንዳይነካኩ ተጠንቀቂ። የባትሪው ራስ ላይ ነጭ ዱቄት ካየሽ በሞቀ ውሃ እጠቢው፣ አድርቀሽ ትንሽ ቫዝሊን ቀቢው። ክረምት ስለሆነ ባትሪውን መሬት ላይ አታስቀምጪው፤ ሳንቃ ላይ ይሁን። ከሞላ በኋላ ብትተይውም ይህኛው አያፈላውም፤ በጥቂቱ እየመገበ ያቆየዋል። ስለዚህ ስለ እሱ አትጨነቂ። ስለ እሱ ምንም አትጨነቂ።

ኢያቄም ተመልሷል። በሱቄ በኩል አልፎ ወደ አገሩ ወደ ኮን ሄደ። ደክሞታል፤ ብዙም አላወራንም። የሻው ደውሎ እንደሆነ ለጠየቅሽኝ፣ ከዚያ ወዲህ አልደወለም።

የየሻው አጎት ጋሼ ደሳለ ጋ ሄጄ ተቀምጠን ተማከርን። መንገዱ በደንብ ሲከፈት ልንጠይቃችሁ ላሊበላ እንመጣለን። እሳቸውም ልጃቸውን ማኅሌትን ይዘው ይመጣሉ፤ ከአንቺ ጋር ትሰነብታለች።

ብርድ ነው፤ እማማን አልብሻቸው። አንቺም እህል ብዪ።

ወንድምሽ መሐመድኑር


ላሊበላ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመሐመድኑር፤

ዕቃው ሁሉ ደረሰኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ቻርጀሩ ይሠራል። እማማ ተደስተዋል። ቅባቱን ግን ለጣታቸው ሳይሆን ለዓይናቸው ነው የሚቀቡት፤ ተከራክሬ አልቻልኳቸውም።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ማንበብ ብቻ ሳይሆን አገላብጬ አየሁት፤ ጀርባው ላይ የጻፍከው ነገር ይኖር እንደሆነ ብዬ። አንድም ስድብ የለበትም። አንተን ካወቅሁህ ጀምሮ "እኅቴ" ብለኸኝ አታውቅም፤ ሠርጋችን ላይ እንኳ "ይቺን ከየት አመጣሃት?" ነው ያልከው። ከሱቅህ አንድ ነገር በነፃ ሲወጣ ስሰማ ይህ የመጀመሪያው ነው። "ኢንሻአላህ ሲመጣ" ትል ነበር፤ ያም ቀርቷል። ኢያቄም ብዙም አላወራም አልክ። ኢያቄምን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ኢያቄም እንቅልፍ ላይ እንኳ የሚያወራ ልጅ ነው። ጋሼ ደሳለ ደግሞ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ያልጠየቁንን አሁን በዚህ ዝናብ ልጃቸውን ይዘው ሊጠይቁን የሚመጡት ለምንድን ነው? "እህል ብዪ" የሚባለውስ ለማን ነው?

መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ። የሰው ሞት በወረቀት ተጽፎ በሚኒባስ አይላክም። ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ካህን ይዞ፣ ጎህ ሲቀድ በር አንኳክቶ ነው የሚነገረው፤ ሰው ብቻውን ሰምቶ ራሱን እንዳይጎዳ። ነውር ሥራ ልልህ አልፈልግም። ስለዚህ ንገረኝ አልልህም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ያልኩትን ሁሉ የዕብድ ወሬ አድርገው፤ እኔም እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ። የሻው ደህና ከሆነ ስደበኝ። ረጅም ደብዳቤ አልፈልግም፤ ምንም አታብራራ። ያን የመላእክቱን ቀልድ እንኳ ድገመውና በጣሃ ላክልኝ። አንድ መስመር ይበቃኛል። አንተ ከተሳደብክ እኔ ተኝቼ አድራለሁ።

ፋና


ወልድያ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ፋና፤

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ጀምሮ ስድብ ስፈልግ ሰነበትኩ። ሱቅ ዘግቼ ተቀመጥኩ። መላእክቱን ጻፍኳቸው፤ ቀደድኩት። ቋጣሪ ስላልሽኝ አንድ ነገር ልመልስልሽ ሞከርኩ፤ እሱንም ቀደድኩት። ሀፊዛን "እስቲ አንድ ስድብ ንገሪኝ" ብላት አለቀሰች። ውሸት መጻፍ ይቻላል፤ ሰው ይጽፋል። ወላሂ ለአንቺ አቃተኝ።

ከዚህ የበለጠ በወረቀት ላይ አላደርግም። ጋሼ ደሳለ አስምለውኛል። ባለፈው "አብሽሪ" ብዬ ጽፌ ስለሚያስታውቅ ሰርዤው ነበር። አሁን ልበልሽ፤ አብሽሪ፣ ፋና።

መንገዱ ተከፍቷል። ዓርብ እንነሣለን። ከነፍስ አባታችሁ ከቄስ ጥሩሰው ቤት አድረን ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እንመጣለን። እሳቸው ያውቃሉ። እማማ እስከዚያ እንዳይሰሙ፤ ልባቸው ደካማ ነው፣ በሰው መሐል ይሁኑ።

ስለ ሌላው መጻፍ ስለማልችል ሥራዬን ልጻፍልሽ። ለረጅም ጊዜ የማይነዳ ሞተር ባትሪው እላዩ ላይ አይቀመጥም። ቻርጀሩን ከግድግዳው ንቀዪው። ከዚያ የሞተሩን ጥቁር ሽቦ ከባትሪው ፍቺ፤ ቀጥሎ ቀዩን። ባትሪውን አውጥተሽ ጥረጊና በሳንቃ ላይ፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጪው። ከእንግዲህ መሙላት አያስፈልግሽም። ደክሞሻል። ይበቃሻል።

የሚያዝያውን ስልክ አሁንም አስባለሁ። የጠበሉን ነገር ስነግረው ምን ያህል እንደሳቀ አንቺ አልሰማሽውም። ከጎኑ ያሉትም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረውት ሲስቁ ይሰማኝ ነበር። ያን ሳቅ ለአንቺ የምሰጥበት መንገድ ቢኖር እሰጥሽ ነበር።

መሐመድኑር


ላሊበላ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

መሐመድኑር፤

ደረሰኝ። የስድቡ አለመኖር ደረሰኝ።

ጣሃ ነገ ስለሚመለስ ቶሎ ልጻፍልህ። ደብዳቤህን ይዤ፣ ልብስ ላጥብ ብዬ ወንዝ ወረድኩ። ክረምት ስለሆነ ውሃው ይጮኻል፤ የኔን ጩኸት ማንም አይሰማም ብዬ ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ እኔን ገደደኝ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የታጠበውን ልብስ መልሼ አጠብኩት። ከልብሶቹ መሐል የእሱ ሸሚዝ ነበረበት። ባሕር ውስጥ ለገባ ሰው ሸሚዙን በወንዝ ውሃ ሳጥብ፣ ያኔ መጣ። ስመለስ ፊቴ አብጧል። የእማማ ዓይን ባለማየቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጣሪን አመሰገንኩት፤ ይቅር ይበለኝ።

ጥቁሩን ሽቦ አልፈታም። ሥራህን አላናንቅም፤ ያልከኝ ሁሉ ልክ ነው። ግን ስማኝ። የየሻው አባት ሲሞቱ በቅሎአቸው ኮርቻዋ ተጭኖ፣ ማንም ሳይቀመጥባት ለቅሶው መሐል ወጥታ ነበር፤ እማማ እስከ ዛሬ ያወሩታል። የሻው በቅሎ የለውም። ሬሳም የለንም፤ መቃብርም የለንም። ያለን ይህ ሞተር ነው። ቅዳሜ ጋቢውን ከላዩ አንሥቼ ወደ ግቢ አወጣዋለሁ። ስመጣ በመጀመሪያው ቁልፍ መነሣት አለበት ብሎሃል፤ በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሣል። ቁልፉን የምታዞረው አንተ ነህ። ድምፁ ሰፈር ያነቃል ብዬ እስካሁን ፈርቼ ነበር፤ ቅዳሜ ይንቃ።

እኔ እንዳላወቅሁ እሆናለሁ። ስታንኳኩ ከተኛሁበት እንደ ተነሣሁ ሆኜ እወጣለሁ። ቄስ ጥሩሰው ሲናገሩ ከእማማ ጋር እሰማለሁ፤ ብቻቸውን አይሰሙም። ሌሎቹ ቀድሞ መስማቴን ባያውቁ ደስ ይለኛል፤ አንተ ነውር እንደሠራህ ይቆጠርብሃል። አልሠራህም። ስድብ አጣሁ ብሎ መጻፍ ነውር አይደለም።

ከአርባው በኋላ ግን እንደ ድሮህ ስደበኝ። በዚህ ቤት ከቀድሞው አንድ ነገር እንኳ ይትረፍ።

ስለ ባትሪው አታስብ። ሰኞ ሞልቷል፤ አረንጓዴውን በዓይኔ አይቻለሁ። ሰኞ ማታ ግን መብራት ጠፋ፤ እስከ ዛሬ አልመጣም። አንተ እንዳስተማርከኝ ከግድግዳው ነቅዬ፣ ጥቁሩንም ቀዩንም መቆንጠጫ አንሥቼ፣ ባትሪውን ወደ ሞተሩ መልሼ፣ ቻርጀሩን ሣጥን ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

አሁን ይህን በሻማ ስጽፍ እማማ ከመደቡ ላይ ሆነው ጠሩኝ።

"በርቷል ወይ ልጄ?"

"በርቷል እማማ።"

"አረንጓዴ ነው?"

"አረንጓዴ ነው፤ ይተኙ" አልኳቸው። ተኙ።

ፋና